ጭራቁ መቼ ይታይ? ስለ አስፈሪ ታሪኮች አሠራር የተከፈተ ውይይት

ብራና (ውይይቱን የከፈተ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ስለ አስፈሪ ድርሰትና ፊልም በተነጋገርን ቁጥር «ያልታየ ነገር ከታየው ይልቅ ያስፈራል» የሚለው አባባል እንደማይሻር ሕግ ሲጠቀስ እሰማለሁ። አባባሉ መሠረት የለውም አልልም፤ ይሁን እንጂ እንደ ሕግ ከተወሰደ ብዙ ታላላቅ ሥራዎችን ሊያስረዳልን አይችልም፤ ጀማሪ ጸሐፊዎችንም ነገሩን ሁሉ በጭጋግ መሸፈን ብቻ የሚበቃ እንዲመስላቸው ያደርጋል። የእኔ አቋም የሚከተለው ነው። ፍርሃትን የሚፈጥረው አንባቢው ነገሮችን የሚያውቅበት ቅደም ተከተል ነው፤ ማለትም ምን አስቀድሞ እንደተነገረው፣ ምን እንደዘገየበት፣ ያወቀውም ከገጸ ባሕርይው ቀድሞ ወይስ ከእሱ በኋላ እንደሆነ ነው። መደበቅ በዚህ አሠራር ውስጥ አንዱ መሣሪያ ብቻ ነው። (በዚህ ውይይት የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ።)

ለማስረጃ በጣም የቆየ ታሪክ ላንሣ። ታናሹ ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ከ1,900 ዓመታት ገደማ በፊት ሱራ ለሚባል ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ መንፈስ ስለሠፈረበት አንድ የአቴና ሰፊ ቤት ይተርካል። ሌሊቱ ጸጥ ሲል በመጀመሪያ የብረት ድምፅ ይሰማል፤ ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠ ሰው የሰንሰለት መንኳኳት ከሩቅ፣ ቀጥሎም ከቅርብ ይመጣል፤ ከዚያም የከሳና የጎሰቆለ፣ ጢሙ የረዘመ፣ ጠጉሩ የቆመ፣ እግሩ በእግር ብረት እጁም በሰንሰለት የታሰረ ሽማግሌ ይታያል። ልብ በሉ፤ ፕሊኒ ይህን ሁሉ የሚነግረን ዋናው ገጸ ባሕርይ ፈላስፋው አቴኖዶሮስ ወደ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት ነው። የመንፈሱን መልክ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ አውቀነዋል፤ ከእኛ የተደበቀ ነገር የለም። ታዲያ ፍርሃቱ ከየት ይመጣል? አቴኖዶሮስ የቤቱ ዋጋ ርካሽ መሆኑ አጠራጥሮት ምክንያቱን ይጠይቃል፤ እውነቱን ሲሰማ ጭራሹን ቤቱን ይከራየዋል። በመሸ ጊዜ መብራት፣ መጻፊያ ሰሌዳና ብዕር አስመጥቶ፣ አብረውት ያሉትን ወደ ውስጠኛው ክፍል ያሰናብትና አእምሮው ሥራ ፈትቶ የሌለ ነገር እንዳይፈጥር ብሎ መጻፍ ይጀምራል። ድምፁ ይመጣል፤ እሱ ግን ቀና አይልም። ድምፁ ደጃፉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ከደጃፉ አልፎ ይገባል። ዘወር ብሎ ሲያይ የተነገረለት መንፈስ ቆሞ በጣቱ ይጠራዋል። አቴኖዶሮስ «ጥቂት ታገሥ» ለማለት በእጁ ምልክት ሰጥቶ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል፤ መንፈሱም እየጻፈ ካለው ሰው ራስ በላይ ሰንሰለቱን ማንኳኳት ይይዛል።

ይህን ቦታ ባነበብሁ ቁጥር የሚያርደኝ የርቀቱ ማጠር ነው። ድምፁ ከሩቅ ወደ ደጃፍ፣ ከደጃፍ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ራስ በላይ ይቀርባል፤ የሚመጣውም ምን እንደሆነ አስቀድመን ስለምናውቅ እያንዳንዱ እርምጃ ይከብድብናል። መልኩ አስቀድሞ ባይነገረን ኖሮ ድምፁ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?

ካሜራ

የብራናን አቋም በአክብሮት እቃወማለሁ፤ ቢያንስ ለፊልም አይሠራም ባይ ነኝ። በፊልም አንድ ነገር አንዴ ከታየ ታየ ነው፤ ተመልካቹ መጠኑን ይለካዋል፣ የተሠራበትን ላስቲክ ይመረምራል፣ ከዚያም ይለምደዋል። ቃል ግን በእያንዳንዱ አንባቢ አእምሮ ውስጥ የተለየ ጭራቅ ይስላል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በ1942 በወጣው «ካት ፒፕል» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ዛሬም ድረስ የፊልም ተማሪዎች የሚያጠኑት አንድ ትዕይንት አለ። ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር፣ ፕሮዲውሰሩ ቫል ሉተን ነበሩ፤ በጀታቸው አነስተኛ ስለነበር አውሬውን በዝርዝር ማሳየት የሚታሰብ አልነበረም። አንዲት ሴት በሌሊት በረጅም የድንጋይ አጥር ጥግ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ሌላ ሴት ከኋላዋ ትከተላታለች። የሁለቱም የጫማ ተረከዝ ድምፅ ይሰማናል፤ አንዱ ቀስ ያለ፣ ሌላው ፈጠን ያለ ነው። ከዚያ የተከታይዋ ኮቴ ድንገት ይጠፋል። ፊት ያለችው ሴት ትቆማለች፣ ወደ ኋላ ትመለከታለች፤ የመንገድ መብራትና ባዶ መንገድ እንጂ ሌላ ነገር የለም። መሮጥ ትጀምራለች፤ ልክ ውጥረቱ ጣራ ሲነካ ከምስሉ ጠርዝ አውሬ ያጓራ የሚመስል ድምፅ ይሰነጥቀናል፤ የመጣው ግን ፍሬን የያዘ አውቶቡስ ነው። ይህ ስልት ከዚያ በኋላ «የሉተን አውቶቡስ» ተብሎ እስከ መጠራት ደርሷል። በትዕይንቱ ውስጥ አንድም አውሬ አልታየም፤ አንድም ሰው አልተነካም። በ1975 የወጣው «ጆውስ» ሲሠራም እንዲሁ የሜካኒካል ሻርኩ በጨው ውኃ ምክንያት በተደጋጋሚ እየተበላሸ ስላስቸገረ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ሻርኩን ሳያሳይ መኖሩን የሚጠቁምበትን መንገድ ለመፈለግ ተገደደ፤ ፊልሙንም ታላቅ ያደረገው ይኸው ችግር ነው። ስለዚህ ሕጉ ሕግ ሆኖ ይቆይ እላለሁ።

ሸራ

እኔ ሠዓሊ ስለሆንሁ ከሁለታችሁም የተለየ ጥያቄ አለኝ። በሥዕል ውስጥ መደበቂያ ጊዜ የለም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቅጽበት ፊታችን ላይ ነው። ያልታየው ብቻ የሚያስፈራ ቢሆን ኖሮ አስፈሪ ሥዕል የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።

ፍራንሲስኮ ጎያ ከ1819 እስከ 1823 ባሉት ዓመታት ከማድሪድ ወጣ ብሎ በነበረው ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሣላቸውን «ጥቁር ሥዕሎች» አስቡ። ለትርዒት አልሣላቸውም፤ ስም እንኳ አላወጣላቸውም፤ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ከግድግዳው ወደ ሸራ ተዛውረው ዛሬ በፕራዶ ሙዚየም የሚገኙት። ከእነርሱ አንዱ ሳተርን የተባለው የሮማውያን አምላክ የገዛ ልጁን ሲበላ ያሳያል። የልጁ ራስ የለም፤ አንዱ ክንዱ አልቋል፤ ሌላው ክንድ ወደ ተከፈተው አፍ እየገባ ነው፤ የሳተርን ጣቶች በልጁ ጀርባ ሥጋ ውስጥ ሰርገዋል። ጎያ ምንም አልሸሸገም። ነገር ግን በሥዕሉ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ የቆመ ሰው የሚያስተውለው ደሙን ሳይሆን የሳተርንን ዓይኖች ነው። ፈጠው የወጡ፣ ነጫቸው የገነነ፣ የሚያደርገውን ነገር ማቆም የማይችል ሰው ዓይኖች ናቸው። በላተኛው አምላክ ራሱ ፈርቷል። እኔን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው፤ የተበላውን ልጅ ማየት ያሳዝነኛል፣ የበላተኛውን ፍርሃት ማየት ግን መሸሸጊያ ያሳጣኛል።

በ1781 ሄንሪ ፉስሊ የሣለውም «ቅዠት» እንዲሁ ነው። በተኛችው ሴት ደረት ላይ የተቀመጠው ትንሽ ጭራቅ ፊቱን ያዞረው ወደ እኛ ነው፤ እያየን መሆናችንን ያወቀብን ይመስላል። ስለዚህ ካሜራ ሆይ፣ መታየት ብቻውን ፍርሃትን አይገድልም፤ የታየው ነገር ዓይን ካለው ይበልጥ ያከብደዋል።

ብራና

ሸራ ያነሡት ነጥብ ሐሳቤን ያሰፋልኛል እንጂ አያፈርስብኝም፤ ምክንያቱም በሥዕልም ቢሆን ዓይን ቅደም ተከተል አለው። በጎያ ሥዕል ላይ መጀመሪያ የሚስበን ከጨለማው መካከል ነጥቶና ቀልቶ የሚታየው የልጁ ገላ ነው፤ ከዚያ ዓይናችን በክንዱ በኩል ወደ አፉ ይወጣል፤ ወደ ሳተርን ዓይኖች የምንደርሰው ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ነው። ሠዓሊው መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎልናል።

ካሜራ ስለ ሕጉ ላነሡት ደግሞ አን ራድክሊፍን ልጥቀስ። ይህች የጎቲክ ልብ ወለድ ጸሐፊት ከሞተች በኋላ በ1826 በታተመ ጽሑፏ ሁለት ስሜቶችን ትለያለች። አንደኛው ሰቀቀን ነው፤ የሚመጣውን ነገር በጉልህ ሳያሳይ ነፍስን ያሰፋል፣ ስሜቶችን ሁሉ ያነቃል። ሁለተኛው የዘግናኙ ነገር ስሜት ነው፤ ነፍስን ያኮማትራል፣ ያደነዝዛል። ራድክሊፍ የመጀመሪያውን ታስበልጣለች፤ ፈላስፋው ኤድመንድ በርክም ከእርሷ ቀደም ብሎ በ1757 አንድን ነገር እጅግ አስፈሪ ለማድረግ ጥርት ብሎ አለመታየቱ አስፈላጊ ይመስላል ብሎ ነበር። ካሜራ የሚሟገቱለት ሕግ ምንጩ እንግዲህ ይህን ያህል የቆየ ነው። ነገር ግን በርክ ይህን ከተናገረ በኋላ የተጻፉትን ድርሰቶች እንያቸው። በ1818 የታተመው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ፍጡሩን ለመደበቅ አንዳችም ጥረት አያደርግም። በኅዳር ወር ሌሊት፣ ሻማው ሊያልቅ ሲል፣ ደብዛዛ ቢጫ ዓይን ይገለጣል፤ ቆዳው፣ ጥርሱ፣ ጠጉሩ ወዲያው ይገለጹልናል። ከዚያ የሚሆነው ነገር ግን ያልጠበቅነው ነው፤ ፈጣሪው የፈጠረውን ጥሎ ይሸሻል። ብዙ ምዕራፎች ካለፉ በኋላ ደግሞ ያ ዲዳ የመሰለን ፍጡር አፉን ከፍቶ በተስተካከለ ንግግር ክሱን ያሰማል። የዘገየው መልኩ አልነበረም፤ የዘገየው ልቡ ነበር።

መጋረጃ

የቴአትር ሰው ነኝና ከመድረክ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ብራና «ከገጸ ባሕርይው ቀድሞ ወይስ ከእሱ በኋላ» ያሉትን ነጥብ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

አራተኛው ጹሩያ ናምቦኩ የጻፈው «ዮጹያ ካይዳን» የተባለው የካቡኪ (የጃፓን ባህላዊ ቴአትር) ተውኔት በ1825 በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ኦይዋ የተባለች ሴት ከወሊድ በኋላ ደክማ ሳለ ከጎረቤት ቤት መድኃኒት ይላክላታል። ባሏን ለልጃቸው ልጅ የሚፈልጉት ጎረቤቶች የላኩት ግን መልክ የሚያበላሽ መርዝ ነው። ኦይዋ በደግነታቸው ተነክታ፣ አመስግና፣ ጠብታ እንኳ ሳታስቀር ትጠጣዋለች። ፊቷ ያብጣል፣ ዓይኗ ይወርዳል። ተመልካቹ ያያል፤ እሷ ግን አላየችም። አዳራሹ ሙሉ ሰው የሚያውቀውን ነገር መድረኩ ላይ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ አታውቅም፤ በመጨረሻ መስታወት ይቀርብላታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እጅግ የታወቀው ትዕይንት ነው፤ ኦይዋ ወደ ጎረቤቶቹ ሄጄ እናገራቸዋለሁ ብላ እንደ ወጉ ራሷን ታዘጋጃለች፣ ጠጉሯንም ማበጠር ትጀምራለች፤ ማበጠሪያው ባለፈ ቁጥር ጠጉሯ በጭብጥ በጭብጥ ይረግፋል። ትዕይንቱ አይቸኩልም። ማበጠሪያው ይወጣል፣ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ኦይዋ በሕይወት ያለች፣ የተበደለች ሴት ናት፤ መንፈስ የምትሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ተመልካቹ መንፈሱን የሚፈራው የበደሉን ልክ ስለሚያውቅ ነው፤ እንድትመጣ የሚመኝበትም ሰዓት አለ።

በፓሪስ ከ1897 እስከ 1962 የቆየው የግራን ጊኞል ቴአትርም ደም በማፍሰስ ቢታወቅም፣ በአንድ ምሽት አስፈሪና አስቂኝ አጫጭር ተውኔቶችን እያፈራረቀ ያቀርብ ነበር። የሳቀ ሰው ጥበቃው ይላላል፤ ይህም ያው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

ድምፅ አቀናባሪ

ስለ ጆሮ ብዙ ስላልተባለ ጥቂት ልበል። ካሜራ የጠቀሱት የአውቶቡስ ትዕይንት የሚሠራው በምስሉ አይደለም፤ የሚሠራው በተከታይዋ ኮቴ መጥፋት ነው። ድምፅ ሲኖር አደጋው የት እንዳለ እናውቃለን፤ ሲጠፋ አደጋው በየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል። አውቶቡሱ ሲመጣ ያስደነግጠናል፤ ፍርሃቱ ግን ከእሱ በፊት በነበሩት ጸጥ ያሉ ሰከንዶች ውስጥ ተፈጥሮ አልቋል።

በዚህ ምክንያት ዛሬ በየፊልሙ የበዛውን ድንገተኛ ጩኸት እንደ ጥበብ ለመቁጠር ይከብደኛል። ድንገት የመጣ ከፍተኛ ድምፅ ማንኛውንም ሰው ያስደነግጣል፤ ሰውነት አእምሮ ሳያስብ በፊት በራሱ የሚመልሰው ምላሽ ነውና። ጩኸቱን የሚያዘጋጅ ነገር ካልቀደመ ግን ተመልካቹ ትከሻውን ሰብቆ ይመልሰዋል፣ በሁለተኛው ደቂቃም ይረሳዋል። ጆን ካርፔንተር በ1978 ለሠራው «ሃሎዊን» ራሱ የደረሰው የፒያኖ ዜማ አምስት ምት ያለው ነው፤ ጆሯችን የለመደው አራቱን ስለሆነ ሁልጊዜ አንድ እግር መሬት ያልነካ ይመስለናል። ምንም ባልሆነበት ጸጥ ባለ መንደር መንገድ ላይ ይህ ዜማ ሲሰማ፣ ቀኑ ብሩህ ሆኖ እንኳ ሥጋቱ አይለቀንም። «ሳይኮ» በተሰኘው የ1960 ፊልም ደግሞ ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ የገላ መታጠቢያውን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ሊያቀርበው አስቦ ነበር፤ በርናርድ ኸርማን በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የደረሰውን አሰምቶት ሐሳቡን አስለወጠው።

ጠያቂ አእምሮ

ውይይቱን በፍላጎት እየተከታተልሁ ነው፤ ነገር ግን ከአሠራሩ በፊት መነሣት ያለበት ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ሰው በሌላ ሰው ሥቃይና ሞት መዝናናቱ ተገቢ ነው ወይ? ብዙዎቹ ፊልሞች ወጣቶችን ተራ በተራ ከማረድ ያለፈ ነገር የላቸውም። ይህን «ጥበብ» ብለን ስንጠራው ልባችንን እያደነደንን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

መጋረጃ

ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ጥያቄውም የቆየ ነው። አርስቶትል በ«ስነ ግጥም» ድርሳኑ ላይ በእውን ስናያቸው የሚያስጠሉንን፣ እጅግ የተናቁ እንስሳትንና አስከሬንን ሳይቀር፣ በጥንቃቄ የተሠራ ሥዕላቸውን ማየት እንደሚያስደስተን ጽፏል፤ ምክንያቱን ሲሰጥም መማርና ማወቅ ለሰው ሁሉ ደስታ ስለሆነ ነው ይላል። በእኛ ዘመንም ኖኤል ካሮል የተባለው ፈላስፋ በ1990 ስለዚህ ዘውግ ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። ጭራቅ ማለት የምናውቃቸውን ወሰኖች የሚያፈርስ ፍጡር ነው፤ ሙት ሆኖ ይራመዳል፣ ሰውም አውሬም ይሆናል። ደስታችን የሚመነጨው ይህን የማይታመን ነገር ደረጃ በደረጃ ከማወቅ ነው፤ መጸየፉ ለዚያ የምንከፍለው ዋጋ ነው። ተራ በተራ ማረድን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ የሚሞቱትን ሰዎች ሳያስተዋውቀን የሚገድልብን ፊልም ልብን ያደነድናል፤ ከሁሉ አስቀድሞም አያስፈራም።

ካሜራ

በዚሁ ላይ በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ተመራማሪዎች በዴንማርክ ለመዝናኛ ወደተዘጋጀ አስፈሪ ቤት የገቡ ጎብኚዎችን የልብ ምት እየለኩ፣ የተሰማቸውን ፍርሃትና ደስታም እየጠየቁ አጠኑ። ደስታው ከፍርሃቱ ጋር እስከ መካከለኛ ደረጃ ድረስ ይጨምራል፤ ፍርሃቱ ከዚያ ሲያልፍ ደስታው ይቀንሳል። ስለዚህ ተመልካቹ የሚፈልገው ልኩን ነው፤ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ።

ደግሞም ታላላቆቹ ሥራዎች በሥቃይ ከመዝናናት ጋር ግንኙነት የላቸውም። በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ የሠራውን «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ያየ ሰው መጨረሻውን አይረሳም። ዱዌን ጆንስ የተጫወተው ጥቁሩ ዋና ገጸ ባሕርይ ሌሊቱን ሙሉ ተነሥተው የሚራመዱትን ሙታን ተዋግቶ ብቻውን ይተርፋል፤ ሲነጋ ሊያድኑ የመጡት የታጠቁ ሰዎች ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው በጥይት ግንባሩን ይመቱታል። ከዚያ የሚከተሉት በጋዜጣ ላይ የሚወጡ የሚመስሉ ደረቅ ፎቶግራፎች ናቸው፤ ሬሳው በሥጋ መንጠቆ እየተጎተተ ወደ እሳቱ ሲወሰድ ያሳያሉ። እዚያ ላይ ማንም አይዝናናም።

ብራና ሆይ፣ ይህንን ስጽፍ ለእርስዎ አቋም ጥሩ ማስረጃ እየሰጠሁ መሆኔን አስተውያለሁ። ሙታኑን ገና ከመጀመሪያው አይተናቸዋል፤ የዘገየው የሕያዋኑ ማንነት ነው።

አዲስ ብዕር

ከብዙ ማመንታት በኋላ መጻፌ ነው። አንድ አጭር ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው፤ ታሪኩም የሚከተለው ነው። አንዲት ሴት ታማሚ እኅቷን ለረጅም ጊዜ ስታስታምም ኖራ እኅቷ ትሞታለች። ከቀብሩ በኋላ ከተቆለፈው የእኅቷ ክፍል ሳል መስማት ትጀምራለች። ሳሉ በየሌሊቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻ በሩ ላይ ቆማ እጀታውን ስትይዝ ታሪኩ ያበቃል። «ያልታየው ያስፈራል» የሚለውን ተከትዬ በሩን አልከፈትሁትም። ያነበቡልኝ ሰዎች ግን ጥሩ ነው አሉኝ እንጂ አንዳቸውም አልፈሩም። ጉድለቱ የት ላይ ይሆን?

ብራና

ስላካፈሉን አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዎ ውይይቱን ወደ ተግባር ያመጣዋል። መልስ ከመስጠቴ በፊት በዘውጉ ውስጥ እጅግ የታወቀውን የተዘጋ በር እንመልከት። ደብልዩ. ደብልዩ. ጄኮብስ በ1902 ባሳተመው «የዝንጀሮው መዳፍ» በተባለ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ፣ ሦስት ምኞት የሚፈጽም ደረቅ መዳፍ ያላቸው ሽማግሌ ባልና ሚስት ልጃቸውን በፋብሪካ ማሽን አደጋ ያጣሉ። እናቲቱ ልጇ እንዲመለስ አስመኝታ ሌሊት በሩ ይንኳኳል። እሷ ወንበር ላይ ቆማ የላይኛውን መወርወሪያ ለመክፈት ስትታገል፣ አባትየው ወለሉ ላይ በዳበሳ መዳፉን ፈልጎ የመጨረሻውን ምኞት ይመኛል፤ በሩ ሲከፈት ደጁ ባዶ ነው። በሩ ላይ የቆመውን በጭራሽ አላየነውም፤ ለካሜራ ሕግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሆኖም ማንኳኳቱ ለምን እንደሚያስፈራ ልብ ብለን እንየው። ገጽ ከመገልበጡ በፊት አባትየው ለሚስቱ፣ ልጃቸው ከሞተ ዐሥር ቀን እንደሆነው፣ ያኔም በልብሱ ብቻ እንደለየው ነግሯታል። ደራሲው ሬሳውን አስቀድሞ በእጃችን አስይዞናል፤ ከዚያ በኋላ በሩን መዝጋት ይችላል። መደበቅ የሚሠራው አስቀድሞ የተሰጠ ዕውቀት ሲኖር ነው።

ብራም ስቶከር በ1897 «ድራኩላ»ን ሲጽፍ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዶ እዚያው ይደርሳል። ደም መጣጩ ባላባት ድራኩላ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በሰፊው ይታያል፤ ከዚያ ከገጹ ይጠፋና በደብዳቤ፣ በዕለት ማስታወሻና በጋዜጣ ቁራጭ ብቻ እንከታተለዋለን። ሚና የተባለችው ገጸ ባሕርይ በጓደኛዋ በሉሲ አንገት ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ስታይ ሻሉን ስታያይዝላት በመርፌ ቁልፍ የወጋቻት መስሏት ይቅርታ ትጠይቃታለች። አንባቢው ግን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ መጮህ ይፈልጋል፣ የሚሰማው የለም።

አሁን ወደ ታሪክዎ ልመለስ። አንባቢው ሳሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እኅትየው ከሞተች በኋላ ነው። ስለዚህ ሳሉ ለእሱ የማንም ሳል ነው። ሳሉን በመጀመሪያው ገጽ፣ በሕይወት ሳለች ይስጡን፤ የራሱ ምልክት ይኑረው፤ ለምሳሌ ሁለት አጭር፣ ጥቂት ዝምታ፣ ከዚያ አንድ ረጅም። ትርጉምም ይኑረው፤ ታማሚዋ ድምፅ ለማውጣት ስለምትደክም ውኃ የምትጠይቅበት መንገድ ይሁን፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይም በየጊዜው ተነሥታ ትውሰድላት። አንድ ሌሊት ደግሞ ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ትተኛ። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉት፣ ምክንያቱን አያብራሩ። ከቀብሩ በኋላ ሁለት አጭር፣ ጥቂት ዝምታ፣ አንድ ረጅም ሲሰማ አንባቢው ምን እየተጠየቀ እንደሆነ ያውቃል።

ሸራ

በዚህ ከተስማማን እኔ በሩ ይከፈት እላለሁ። አንባቢውን እስከ እጀታው ድረስ አምጥቶ መመለስ ዛሬ የተለመደ ነው፤ ማንም ሰው የሚጠብቀውን መጨረሻ መስጠት ደግሞ ያለ ሥጋት ማስተኛት ነው። ትክፈተው፣ የምታየውም ዓይን ይኑረው።

ካሜራ

በፍጹም አልስማማም። ሳሉ ከታወቀ፣ በደሉም ከታወቀ፣ ከበሩ ጀርባ ምንም ምስል ቢቆም ከሳሉ ያንሳል። አይከፈት።

ጀማሪ ተጫዋች

በቪዲዮ ጌም በኩል አንድ ነገር ልጨምር። በ1999 በወጣው «ሳይለንት ሂል» ከተማው በጭጋግ የተዋጠ ነው፤ ማሽኑ ራቅ ያለውን መሳል ስለማይችል ጭጋጉ ይህን ይሸፍንለት ነበር። ሆኖም ተጫዋቹ በኪሱ የያዘው ትንሽ ሬዲዮ ጭራቅ በቀረበ ቁጥር ይንሿሿል። መኖሩን እናውቃለን፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አናውቅም። ምናልባት በታሪኩ ውስጥ መለወጥ ያለበት የሳሉ አቅጣጫ ይሆን?

አዲስ ብዕር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው አስተያየት መንገዱን ከፈተልኝ። በሩን መክፈትም አለመክፈትም አያስፈልገኝም ማለት ነው። ሴትዮዋ በመጨረሻው ሌሊት ከወጥ ቤት ውኃ ቀድታ፣ ብርጭቆውን በእጇ ይዛ፣ ሳሉ ወደሚሰማበት የተቆለፈ በር ትሄዳለች። በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከውስጥ ምንም አይሰማም። ከዚያ ሁለቱ አጭር ሳል ከኋላዋ፣ አሁን ከወጣችበት ወጥ ቤት ይሰማሉ። ዝምታው ይሆናል። ሦስተኛውን ልጽፈው ነው ወይስ ልተወው?

ድምፅ አቀናባሪ

ይተዉት። ምልክቱን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሙሉውን ካሰሙን የቀረውን ረጅም ሳል የአንባቢው ጆሮ ራሱ ይጠብቀዋል።

ብራና

ከድምፅ አቀናባሪ ጋር እስማማለሁ፤ የታሪኩም አወቃቀር አሁን ተስተካክሏል። ሁለት የአሠራር ነገሮች ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ ወጥ ቤቱና የታማሚዋ ክፍል በአንድ ኮሪደር ሁለት ጫፍ መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም ሌላ መውጫ አለመኖሩን አንባቢው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማወቅ አለበት፤ ውኃ ስታመላልስ እግረ መንገድዎን ያሳዩት፣ ለብቻው አይግለጹት። ይህን በመጨረሻው ገጽ ላይ ለማስረዳት ከተገደዱ ፍርሃቱ በማብራሪያው መካከል ይበተናል። ሁለተኛ፣ ሴትዮዋ ሰምታ ያልተነሣችበትን ሌሊት ከታሪኩ መጀመሪያ በጣም አያርቁት፣ ወደ ቀብሩም በጣም አያስጠጉት፤ አንባቢው አንብቦ እንዲያልፈው እንጂ እንዲጠረጥረው አንፈልግም። ሁለተኛውን ረቂቅ ሲጨርሱ እዚሁ ቢያስቀምጡልን ሸራና ካሜራም በጽሑፉ ላይ ክርክራቸውን መቀጠል ይችላሉ።